አምስቱን የጁገል በሮች በአንድ ዴስክቶፕ ላይ፦ ብዙ ፎቶ በአንዴ ባክግራውንድ ማድረግ

ዊንዶውስ ለአንድ ስክሪን የሚቀበለው አንድ ምስል ብቻ ነው። አምስት ፎቶ መርጠው «ስላይድ ሾው» ቢሉት በየተራ ይቀያይራቸዋል እንጂ አብሮ አያሳያቸውም። አብረው እንዲታዩ ከተፈለገ ፎቶዎቹን በስክሪኑ ልክ በተዘጋጀ አንድ ምስል ላይ መደርደር ነው። ለምሳሌ ጁገል የሚባለውን የሐረር ግንብ አምስት ጥንታዊ በሮች እንውሰድ፦ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፋላና በር። መኪና የሚገባበት ሐረር በር ኋላ የመጣ ስለሆነ ይቆየን።

መጀመሪያ የስክሪኑን ልክ ይወቁ። ዴስክቶፑ ላይ ራይት ክሊክ፣ ከዚያ «ዲስፕሌይ ሴቲንግስ»፤ «ዲስፕሌይ ሪዞሉሽን» የሚለው ስር 1920 በ1080 ወይም በቆዩት ላፕቶፖች 1366 በ768 ፒክሰል (ምስሉ የሚሠራባቸው ነጥቦች) ያገኛሉ። ፎቶዎቹን በቴሌግራም የሚቀበሉ ከሆነ ላኪው እንደ ፋይል ይላክልዎ። በተለመደው አላላክ ረጅሙ ጎን ወደ 1280 ፒክሰል ይወርዳል፤ በኋላ በትንሹ ለምንደረድራቸው አራት ፎቶዎች ይበቃል፣ ትልቅ ለምናደርገው ለአንዱ ግን አይመከርም።

ፎቶ የሚደረድሩ የስልክ ኮላጅ አፖችን ይተዋቸው። አብዛኞቹ ለፌስቡክና ለኢንስታግራም ታስበው ወርዱና ቁመቱ እኩል የሆነ ምስል ያወጣሉ፣ ጥግ ላይም ስማቸውን ይጽፋሉ። ፓወርፖይንት ይሻላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የስላይዱ መጠን ላይ ነው። ፓወርፖይንት ስላይድን ወደ ምስል ሲቀይር በአንድ ኢንች 96 ፒክሰል ያወጣል። የተለመደው ስላይድ ወርዱ 33.867 ሴንቲሜትር ስለሆነ የሚወጣው ምስል 1280 በ720 ነው። 1920 ስክሪን ላይ ሲለጠጥ ይደበዝዛል፤ ሰውም ካሜራውን ይወቅሳል። ስለዚህ ፎቶ ከማስገባትዎ በፊት «ዲዛይን»፣ «ስላይድ ሳይዝ»፣ «ከስተም» ገብተው ወርዱን 50.8፣ ቁመቱን 28.575 ሴንቲሜትር ያድርጉ፤ ልክ 1920 በ1080 ይወጣል። ለ1366 ስክሪን 36.14 በ20.32 ነው። ፎቶ ካስገቡ በኋላ ቢቀይሩት ድርድሩ ሁሉ ይናጋል።

አሁን ቦታ ይከፋፍሉ፤ ቁጥሮቹ ለ50.8 በ28.575 ስላይድ ናቸው። በግራ በኩል 5.8 ሴንቲሜትር ለአይከኖች ባዶ ይተዉ፤ ከታች 1.5 ገደማ ታስክባሩ ይሸፍነዋል። ከላይ 0.3 ዝቅ ብሎ አንዱ በር ትልቅ ይሁን፣ ወርድ 20.7 ቁመት 26.7። በስተቀኙ አራቱ ሁለት በሁለት፣ እያንዳንዳቸው ወርድ 11.7 ቁመት 13.2፣ በመካከል 0.3 ክፍተት። ስሌቱ በቀኝ ጠርዝም 0.3 ያስቀራል።

ፎቶውን በማዕዘኑ ይዘው አይጎትቱ፣ ቁጥሩን ይጻፉ። ቁጥሩን ሲጽፉም አንዱን ጎን ብቻ ነው፤ ሁለቱንም ካስገደዱት የበሩ ቅስት ይጨፈለቃል። የቱን? ትልቁ በር ቆሞ የተነሳ የስልክ ፎቶ (3 በ4) ከሆነ ወርዱን። ቁመቱን 26.7 ቢያደርጉት ወርዱ 20 ሆኖ ያንሳል፤ ወርዱን 20.7 ካሉት ግን ቁመቱ 27.6 ይሆንና ትርፉን በ«ክሮፕ» ከላይ ወይም ከታች ይቆርጡታል። ከታች መቁረጥ ይሻላል፣ አስፋልቱ ቢቀር አይጎዳም። ከትንንሾቹ ተጋድሞ ለተነሳ ፎቶ ግልባጩ ነው፦ ቁመቱን 13.2 ይጻፉ፣ ጎንና ጎኑን ይቁረጡ።

የአይከን ጽሑፍ ነጭ ስለሆነ ባዶው የግራ ክፍል ጠቆር ይበል። በ«አይድሮፐር» ከግንቡ ቀለም ቀድቶ ማጥቆር ያምራል። ብሩህ የቀትር ሰማይ ያለበትን ፎቶ እዚያ ካነጠፉ ግን የፋይል ስም አይነበብም።

«ሴቭ አዝ» ብለው ፒኤንጂ ይምረጡ፣ ሲጠይቅዎ ይህን ስላይድ ብቻ ይበሉ። ጄፔግ በፎቶዎቹ ጠርዝ ዙሪያ ብናኝ የመሰለ ብክለት ያመጣል። ከዚያ ፋይሉን ራይት ክሊክ አድርገው ባክግራውንድ ያድርጉት። ጠርዙ ተቆርጦ ከታየ የስላይዱ ልክ ከስክሪኑ ጋር አልገጠመም ማለት ነው፤ «ስትሬች» የሚለውን መርጠው ለመሸፈን አይሞክሩ፣ ወደ ስላይዱ መጠን ይመለሱ።