ጠብታ ቆጣሪውና ፓምፑ ማዳበሪያ ላይ ሲያስቸግሩ፦ ችግርና መፍትሄ

ሆስፒታል ውስጥ ግሉኮስና መድኃኒት በልክ የሚሰጠው ቴክኖሎጂ ለአትክልት ማዳበሪያም ይሆናል። ጠብታ የሚቆጥር የብርሃን ሴንሰር፣ ቱቦውን እየጨመቀ የሚገፋ ፔሪስታልቲክ ፓምፕ፣ ቱቦ ሲዘጋ የሚያስጠነቅቅ የግፊት ሴንሰር፤ ሁሉም የተሠሩት ለልክ ነው። ማዳበሪያ ግን ይዘቅጣል፣ ጨው ይጋግራል፣ ፀሐይ ላይ ይውላል። አብዛኛው ብልሽት የሚመጣው ከዚህ ነው።

ሁለት ነገር አስቀድሜ ልበል። ያገለገለ የሕክምና ቱቦ አትንኩ፤ አዲስና ያልተከፈተ ብቻ ተጠቀሙ። ማዳበሪያ የገባበት ዕቃም ወደ ሕክምና አይመለስም። ሌላው፣ ፓምፑን የሚያዘውን የኮምፒውተር ኮድ ከመነካካታችሁ በፊት የቱቦውን ጫፍ መስፈሪያ ውስጥ አድርጉና የወጣውን ለኩ። ፓምፑ «ሰጥቻለሁ» ማለቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ቆጠራው ልክ ነው፣ የወጣው ግን ያንሳል

የግሉኮስ ቱቦ ማሸጊያው ላይ አንድ ሚሊ ሊትር ስንት ጠብታ እንደሆነ ተጽፏል፦ 10፣ 15፣ 20 ወይም 60። ይህ የሚሠራው ውሃ ለሚመስል ፈሳሽ ነው። ማዳበሪያው ውስጥ ቅጠል ላይ እንዲጣበቅ የሚያደርግ ሳሙና መሰል ነገር ካለ ጠብታው ያንሳል። ስለዚህ የራሳችሁን ቁጥር አውጡ። በምትጠቀሙበት ፍጥነት 200 ጠብታ መስፈሪያ ላይ አውርዱ። 8.6 ሚሊ ሊትር ከሆነ፣ አንዱ ጠብታ 0.043 ነው ማለት ነው። ማሸጊያው 20 ቢልና እናንተ 0.05 ብላችሁ ብታስቡ፣ ተክሉ ከታሰበለት 14 በመቶ ያህል ይጎድልበታል። ማዳበሪያውን ወይም ፍጥነቱን በቀየራችሁ ቁጥር ልኬቱን ድገሙት።

ቀትር ላይ ቆጠራው ይዘበራረቃል

ሴንሰሩ የሚያየው ኢንፍራሬድ ብርሃን ነው፤ ፀሐይም ይህንኑ ብርሃን ትረጫለች። ማንጠባጠቢያውን፣ ማለትም ጠብታው የሚወድቅበትን ግልጽ ክፍል፣ ብርሃን በማያስገባ ጥቁር ነገር ሸፍኑት። ከዚያ በኋላም ካልተስተካከለ ውስጡን ቀረብ ብላችሁ እዩ። ግድግዳው ላይ የተጣበቀች አንዲት ጠብታ የሴንሰሩን መስመር ልትጋርድ ትችላለች። ማንጠባጠቢያው ካዘነበለም ጠብታው በግድግዳው ተንሸራቶ ሳይቆጠር ያልፋል። ቀጥ አድርጋችሁ ስቀሉት፤ ፈሳሹም ከግማሽ አይለፍ።

ፓምፑ ይዞራል፣ የሚወጣው ግን በየቀኑ ይቀንሳል

መጀመሪያ ሮለሩ (ፓምፑ ውስጥ የሚዞረው ተሽከርካሪ) የሚጨምቀውን የቱቦ ክፍል አውጡና እዩት። ጠፍጥፎ ከቀረ ደክሟል፤ ቀይሩት፣ ልኬቱንም እንደገና ሥሩ። ቱቦው ደህና ከሆነና ውስጡ ነጭ ዝቃጭ ካለ ግን ጥፋቱ የድብልቁ ነው። የካልሲየም ናይትሬት ጥቅጥቅ ብጥብጥ ሰልፌት ወይም ፎስፌት ካለበት ማዳበሪያ ጋር አንድ ዕቃ ውስጥ ሲገባ ይረጋል። አቸቶ የፎስፌቱንና የኖራውን ዝቃጭ ሊያሟሟው ይችላል፤ ከሰልፌት የሚመጣውን ጂፕሰም ግን እምብዛም አይነካውም። ስለዚህ በማጠብ አትድከሙ፣ ሁለቱን ብጥብጥ ለያዩ። ለየብቻ ዕቃ፣ ለየብቻ ፓምፕ፤ የሚገናኙትም ብዙ ውሃ ውስጥ ይሁን። ዝቃጩ አረንጓዴ ከሆነ አልጌ ነው፤ ቱቦው ብርሃን እንዳያገኝ ጠቅልሉት።

ፓምፑ ቆሞም ፈሳሹ ይወርዳል

የማዳበሪያው ዕቃ ከመውጫው ከፍ ብሎ ተቀምጧል፤ ሮለሩም ቱቦውን አጥብቆ አልያዘም። ዕቃውን ከመውጫው ዝቅ አድርጉት። ከመጠጥ ውሃ መስመር ጋር የሚገናኝ ከሆነ ደግሞ ማዳበሪያ ወደ ኋላ እንዳይመለስ መከላከያ ሳታስገቡ አትጀምሩ።

ከልክ በላይ ይጨምራል

ተክል የሚያቃጥለው ይህኛው ስለሆነ ረጋ ብላችሁ አንብቡት። የማዳበሪያውን ጥንካሬ የሚያነበው ብዙ ጊዜ የውሃውን የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት የሚለካው ኢሲ ሴንሰር ነው። ፓምፑ ሲጨምር ማዳበሪያው ገና አልተቀላቀለም፤ ሴንሰሩ «ይጎድላል» ይላል፣ ፓምፑም ይደግማል። የኢንሱሊን ፓምፖች ይህን አደጋ ያውቁታል፤ ቀድሞ የተሰጠውና ገና እየሠራ ያለው ኢንሱሊን ይታሰባል። እናንተም እንዲሁ አድርጉ፦ ትንሽ ጨምሩ፣ እስኪቀላቀል ጠብቁ፣ ከዚያ ለኩ። በቀን ከዚህ አይለፍ የሚል ጣሪያም አስቀምጡ።

ጠዋት ጠዋት ብቻ የሚበዛ ከሆነ ብርዱን ጠርጥሩ። ንባቡ በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ 2 በመቶ ያህል ይለዋወጣል፤ ወደ 25 ዲግሪ የሚያስተካክል የሙቀት ሴንሰር ከሌለ፣ 15 ዲግሪ ላይ ያለ ውሃ 20 በመቶ ያህል የጎደለበት ይመስላል። የምትጨምሩት ዩሪያ ከሆነ ደግሞ ኢሲ ጭራሽ አያየውም፤ ዩሪያ ውሃ ውስጥ ሲሟሟ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ነገር አይሰጥም። ፓምፑ ዕቃው እስኪያልቅ ቢጨምርም ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም። ለዩሪያ በኢሲ አትመሩ፣ በሚሊ ሊትር ስጡ።

በመጨረሻ ይህን ሳትሞክሩ ከአትክልቱ ጋር አታገናኙት። ሴንሰሩን ከውሃው አውጥታችሁ አየር ላይ ያዙት። ንባቡ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ፓምፑ መዞር ከጀመረ፣ የተነቀለን ሴንሰር ከተራበ ተክል አልለየም ማለት ነው። ንባቡ ከንጹህ ውሃችሁ ንባብ በታች ሲወርድ ፓምፑ እንዲቆምና እንዲያስጠነቅቅ አድርጉት፤ ከዚያ ሴንሰሩን ደግማችሁ አውጡና አረጋግጡ።