«ዎንት»ን ሁሌ «ፈለገ» እያላችሁ አትፍቱት

እንግሊዝኛ የጀመረ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ከሚይዛቸው ቃላት አንዱ «ዎንት» ነው። ደብተሩ ላይ «መፈለግ» ብሎ ይጽፋል፤ በቃ፣ ተመልሶ አያየውም። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ነው።

ቀላሎቹን ላስቀድም። ቁልፍ የጠፋበት ሰው «አይ አም ዎንቲንግ ማይ ኪ» አይልም። የእኛ «ፈለገ» መሻትንም ፍለጋንም ይሸከማል፤ የእነሱ ግን ለፍለጋው «ሉኪንግ ፎር» የሚባል ሌላ አላቸው። «እንድትመጣ እፈልጋለሁ» ደግሞ «አይ ዎንት ዩ ቱ ካም» ነው። መሃሉ ላይ «ዛት» አትወትፉ።

«እፈልግሃለሁ» ትንሽ ያስቸግራል። በአማርኛ አለቃ «ስትጨርስ እፈልግሃለሁ» ቢል የሚያናግረው ጉዳይ አለ ማለት ነው። «አይ ዎንት ዩ» ግን እንዲሁ ብቻውን ሲቀመጥ የፍቅር ነገር ይሆናል። አንዱ ተማሪዬ ይህችኑ ለሥራ ባልደረባው ጽፎ ላከ። ለማስረዳት የጻፈው ሁለተኛ መልእክት ከመጀመሪያው ሦስት እጥፍ ይረዝም ነበር። «አይ ኒድ ቱ ቶክ ቱ ዩ» ብሎ መገላገል ይችል ነበር።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። «ዎንት» ማጣትም ነው! እንዲያውም የቆየው ትርጉሙ ይሄ ነው። በ1200 እ.ኤ.አ. ገደማ ከጥንታዊው ኖርስ፣ ከድሮ የስካንዲኔቪያ ሰዎች ቋንቋ፣ ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ መጉደልን፣ ማጣትን ነበር የሚናገረው። መሻት የሚለው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው የገነነው። ሰው የሚሻው የጎደለውን ነውና መንገዱ አይገርምም። የሚገርመው ትርጉም እየሠሩ እንጀራ የሚበሉ ሰዎች ይህን አለማየታቸው ነው። እንዳርም የተሰጠኝ አንድ ጽሑፍ ላይ «ፎር ዎንት ኦፍ መኒ» የሚለው ሐረግ ነበር፤ ገንዘብ በማጣት ማለት ነው። ተርጓሚው «እቅዱ የከሸፈው ገንዘብ በመፈለግ ነው» ብሎታል። አያችሁት? ባዶ ኪስ የነበራቸውን ሰዎች ስግብግብ አደረጋቸው። የሰው ስም ማጥፋት እኮ ነው።

የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በ1941 እ.ኤ.አ. ከዘረዘሯቸው አራት ነፃነቶች አንዱም በዚሁ ቃል የተነገረ ነው፤ ከ«ዎንት» ነፃ መሆን። በ1948 እ.ኤ.አ. የወጣው ሁለንተናዊ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ መግቢያም ደግሞታል። ይህን «ከፍላጎት ነፃ መሆን» ብሎ የተረጎመ አጋጥሞኛል። እሱ የመናኝ ጸሎት ነው፤ እዚህ የተባለው ግን ከችግር፣ ከእጦት መላቀቅ ነው። በ1611 እ.ኤ.አ. የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስም መዝሙር 23 ላይ «አይ ሻል ኖት ዎንት» ይላል። «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው፤ አልፈልግም» ብላችሁ ብትፈቱት እረኛውን አባረራችሁት። የአማርኛው መጽሐፍ «የሚያሳጣኝም የለም» ብሎ አስቀምጦታል፤ እሱን ሄዳችሁ እዩ።

ስለዚህ ከቃሉ በኋላ «ፎር» ስታዩ፣ ወይም ከፊቱ «ፎር»፣ ከኋላው «ኦፍ» ሲመጣ፣ ቆም በሉና «አጣ»ን፣ «ጎደለ»ን ሞክሩ። «ሂ ዎንትስ ፎር ናቲንግ» ምንም የማይፈልግ ሰው አይደለም። ምንም ያልጎደለበት ነው። «ዎንቲንግ» ብቻውን ቅጽል ሆኖ ሲመጣም ጉድለትን ነው የሚያወራው። እንግሊዞች «ዩር ሄር ዎንትስ ካቲንግ» ሲሉ ደግሞ ፀጉርህ መቆረጥ አለበት ማለታቸው ነው። ፀጉር ምን ይፈልጋል?

አንድ ልጨምር፤ ይሄኛው ሥራ ላይ ያስገምታል። አለቃ ለስለስ ባለ ድምፅ «ዩ ማይት ዎንት ቱ ቼክ ዛት አጌን» ካላችሁ፣ ስለ ፍላጎታችሁ እየጠየቀ አይደለም። እንደገና እየው ነው የሚለው፤ ምናልባትም ስህተቱን አይቶታል። «አይ፣ አልፈልግም፣ አመሰግናለሁ» ብሎ የመለሰ ሰው አውቃለሁ።