የሚዜዎችን የባህል ጭፈራ ለሰርግ እንዴት ማዘጋጀት ይቻላል?

ሦስት ሳምንት ያስፈልጋል። ጊዜው ካጠረ የጭፈራውን ብዛት ቀንሱ እንጂ ልምምዱን አታጣድፉት። አዲስ አበባ መሀል ከተማ ባሉ አዳራሾች ብዙውን ጊዜ የሚቀርቡት አራት ናቸው፤ እስክስታ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛና ጉራጊኛ። ከአራት አትለፉ። የሙሽሮቹ ቤተሰብ ከወላይታ ወይም ከሐረርጌ ከሆነ ግን ከአራቱ አንዱን አውጥታችሁ የእነሱን አስገቡ። እናትና አክስቶች እልል እያሉ የሚነሱት የአገራቸው ምት ሲሰማ ነው።

ሙዚቃውን አንድ ፋይል አድርጋችሁ አስቀጥሉት። ለእያንዳንዱ ጭፈራ ከ50 እስከ 60 ሴኮንድ ይበቃል፤ አራቱ ተደምረው ከአራት ደቂቃ ብዙም አይበልጡም። ቅደም ተከተሉ በትንፋሽ ይወሰን። ትግርኛ በእርጋታ ስለሚጀምር መግቢያ ላይ ይሁን፣ ጉራጊኛ ደግሞ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ። ጉራጊኛን መሀል ላይ ያስገባ ቡድን ቀጥሎ የሚመጣውን እስክስታ እያለከለከ ነው የሚወርደው፤ ትንፋሹ ያለቀበት ሰው ደግሞ ትከሻው አይታዘዝለትም።

ልምምዱ ላይ ብዙ ጊዜ የሚወስደው እስክስታ ነው። ከተማ ያደገ ወጣት ትከሻውን ወደ ላይ፣ ወደ ጆሮው ያነሳል። እስክስታ ግን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ነው። ትከሻ ወደ ላይ የሚሸሸው አንገት ሲገተርና ትንፋሽ ሲታመቅ ነው፤ ስለዚህ «ትከሻህን ዝቅ አድርግ» ብሎ መጮህ አይጠቅምም፣ ይብስ ይገትረዋል። ይልቅ ከግድግዳ አንድ ጭብጥ ያህል ርቆ ጀርባውን ሰጥቶ ይቁም፣ ጉልበቱን ትንሽ ያላላ፣ እጁን ወገቡ ላይ ያድርግ። ትከሻውን ወደ ኋላ ሲወስድ ሁለቱ የትከሻ አጥንቶች ግድግዳውን ይንኩ፣ ወደ ፊት ሲመልስ ይላቀቁ። በእያንዳንዱ ምት «እስ፣ እስ» እያለ በጥርሱ መሀል አየር ያውጣ። አየሩ ከወጣ አንገቱ በራሱ ይላላል።

የመጀመሪያዎቹን አራት ቀናት ያለ ሙዚቃ፣ ቀስ ብሎ፣ በቀን አሥር አሥር ደቂቃ ይሥራ። ፍጥነቱ የሚጨመረው ትከሻው መስመሩን ከያዘ በኋላ ነው። ቀድሞ የፈጠነ ሰው መላ ሰውነቱን ያንቀጠቅጣል፣ ትከሻው ግን ለብቻው አይሠራም። ስታርሙ በስልክ ከጎን ቅረጿቸው፤ ከፊት የተቀረጸ ቪዲዮ ወደ ላይ የሚነሳውንና ወደ ፊት የሚሄደውን አይለይም። ፒያሳ የሚገኘው ሀገር ፍቅር ቴአትር፣ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው፣ የመድረክ ተወዛዋዦችን ለማየት ጥሩ ቦታ ነው። ትከሻቸውን ተመልከቱ፣ አሰላለፋቸውን ግን አትቅዱ። የመድረክ ተወዛዋዥ ፊቱን የሚሰጠው ለተመልካች ነው፤ ሚዜ ግን ለሙሽሮቹ ነው የሚጨፍረው።

ትግርኛው ላይ ክቡ ከሰዓት አቆጣጠር በተቃራኒ ይዞራል። ከበሮው ሲፈጥን መዞሩ ይቆምና ባሉበት ጉልበት እያጠፉ በትከሻ ዝቅ ማለት ነው። በመሀላችሁ የአንድ ክንድ ርቀት ይኑር፤ አለዚያ የቬሎው ጭራ ይረገጣል። ኦሮምኛው የሸዋ ከሆነ እግሩን በሁለት ቀን ትይዙታላችሁ። ጉራጊኛው ላይ ደግሞ ከእግሩ በፊት ጭብጨባውን አስተካክሉ፤ እጅ ከተበታተነ እግርም አይሰበሰብም።

ሙሽሪትን በልብሷ ልክ አስጨፍሯት። ቬሎ እግርን ስለሚሸፍን ለእሷ የላይኛው አካል ይበቃል። መልስ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ካባው ከብዶ ትከሻ ላይ ስለሚያርፍ እስክስታዋ አይታይም። ወይ ካባው ይውለቅ፣ ወይ ሙሽሪት ትግርኛውን ብቻ ትዙር። ለሴት ሚዜዎች የሐበሻ ቀሚሱ ጫፍ ቁርጭምጭሚት ላይ ቢያልቅ ይሻላል። የአዳራሽ ሴራሚክ ያንሸራትታል፤ ባለ ረጅም ተረከዝ ጫማ ለጉራጊኛ አይሆንም። ነጠላው ወገብ ላይ ይታሰር፣ ቋጠሮው በጎን ይሁን።

ቢያንስ ሁለቴ በትልቅ ስፒከር ተለማመዱ። የስልክ ድምፅ ከበሮውን ስለማያወጣ፣ በስልክ ብቻ የለመደ ቡድን አዳራሽ ውስጥ ምቱ ይጠፋበታል። ፋይሉን ለዲጄው በፍላሽም በቴሌግራምም ስጡት፣ ከዋዜማው ቀን በፊት ከፍቶ ይስማው። ከሚዜዎቹ አንዱ ጭፈራ ውስጥ ሳይገባ ቦርሳ ይዞ ይቁም፤ ግንባር ላይ የሚለጠፈው ብር መሬት ከወደቀ ሚዜው ለማንሳት ሲያጎነብስ ሰልፉ ይበላሻል።

ጉራጊኛው ሲያልቅ ከመሀል አትውጡ። ሰልፉን ወደ ክብ ከፍታችሁ በመጀመሪያ የሙሽሮቹን እናቶች እጅ ይዛችሁ አስገቡ። ዲጄው በዚያው ምት ሌላ ጉራጊኛ ያስከትል፤ ሙዚቃው ለአሥር ሴኮንድ እንኳ ከተቋረጠ እናቶቹ ወደ ወንበራቸው ይመለሳሉ።