ባቡሩ ባሕሩ ድረስ አይሄድም፦ ከሲድኒ ኤርፖርት ወደ ቦንዳይ

ሲድኒ መጀመሪያ የመጣሁ ቀን ቦንዳይ ወደሚባለው የባሕር ዳርቻ ስሄድ ካርታው ላይ «ቦንዳይ ጃንክሽን» የሚል ጣቢያ አየሁና ደረስኩ ብዬ ወረድኩ። ሻንጣዬን እየጎተትኩ ብወጣ ፎቅና ሱቅ ብቻ ነው። ባሕሩ ገና ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ይቀረዋል። የባቡር መስመሩ እ.ኤ.አ. በ1979 ቦንዳይ ጃንክሽን ደረሰና እዚያው ቀረ፤ የቀረው መንገድ የአውቶቡስ ነው። አሁን እንግዳ ሲመጣልኝ ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው ይህን ነው።

ኤርፖርቱ ውስጥ የባቡር ጣቢያው ከምድር በታች ነው። ኦፓል የሚባለው የሲድኒ የትራንስፖርት ካርድ ከሌላችሁ የባንክ ካርዳችሁን መግቢያው ላይ ማስነካት ይበቃል፤ ግን ለአንድ ሰው አንድ ካርድ። ስትገቡ ካርዱን፣ ስትወጡ ስልካችሁን እንዳታስነኩ፦ የባንክ ሂሳቡ አንድ ቢሆንም ማሽኑ እንደ ሁለት ሰው ቆጥሮ ያስከፍላችኋል።

ወደ ከተማ የሚሄደውን የቲ8 መስመር ባቡር ይዛችሁ ሴንትራል የሚባለው ጣቢያ ውረዱ። እዚያ ወደ ቦንዳይ ጃንክሽን የሚሄደውን ቲ4 ያዙ። የመጨረሻ ፌርማታው ስለሆነ ያልፈኛል ብላችሁ አትጨነቁ።

ስለ ዋጋው ልንገራችሁ። በኤርፖርቱ ጣቢያዎች ለመግባትና ለመውጣት ብቻ አንድ አዋቂ ከመደበኛው ታሪፍ ሌላ ከ17 የአውስትራሊያ ዶላር በላይ ይከፍላል። ቀጣዩ ጣቢያ ማስኮት ላይ ይህ ክፍያ እ.ኤ.አ. በ2011 ቀርቷል። ስለዚህ ብቻዬን ሆኜ ሻንጣዬ ቀላል ሲሆን በ420 አውቶቡስ ማስኮት ሄጄ ባቡሩን ከዚያ እይዛለሁ። አራት አዋቂዎች ከሆናችሁ ግን የጣቢያው ክፍያ ብቻ ወደ 70 ዶላር ይጠጋልና ታክሲ ያዙ፤ እኔ በሙሉ ልብ የምመክረው እሱን ነው።

ቦንዳይ ጃንክሽን ስትደርሱ የአውቶቡስ መናኸሪያው ከባቡሩ በላይ ነው። 333ን ፈልጉ፤ ያው ቁጥር ወደ መሀል ከተማም ስለሚሄድ ግንባሩ ላይ «ኖርዝ ቦንዳይ» የሚለውን ሳታነቡ አትሳፈሩ። ጥሬ ገንዘብ አይቀበልም።

አውቶቡሱ መጀመሪያ የሚያገኘው የባሕሩን ደቡብ ጫፍ ነው። አደራ፣ እዚያ ወርዳችሁ በቀጥታ ውሃ ውስጥ እንዳትገቡ። በዚያ በኩል ሰውን ከዳር ወደ ጥልቁ የሚጎትት ኃይለኛ የውሃ ጅረት አለ፤ ከአውቶቡስ ወርደው እዚያው የሚገቡ መንገደኞችን ስለሚወስድ በእነሱ ስም ነው የሚጠራው። አሸዋውን ይዛችሁ ወደ ሰሜን ተራመዱ፣ ቀይና ቢጫ ባንዲራዎች የተተከሉበትን ፈልጉ፣ ከሁለቱ ባንዲራዎች መካከል ብቻ ግቡ።