የኢንተርኔት ሬዲዮና ፖድካስት ሲቆራረጥ ምን ይደረግ?

ሴቲንግ ከመነካካትዎ በፊት ድምፁ መቼ እንደሚቋረጥ ያስተውሉ፤ መፍትሔው እንደሚቋረጥበት ሁኔታ ይለያያል። በቅድሚያ ተመሳሳይ ጥራት ያለው ሌላ ጣቢያ ይክፈቱ። ያኛው ያለችግር ከሠራ ጥፋቱ የመጀመሪያው ጣቢያ ሰርቨር ነውና እርስዎ የሚያስተካክሉት ነገር የለም።

ስክሪኑ ጠፍቶ ጥቂት ሲቆይ ዝም የሚል ከሆነ ኔትወርኩን አይውቀሱ። አንድሮይድ ባትሪ ለመቆጠብ አፑን እየዘጋው ሊሆን ይችላል። ሴቲንግ፣ አፕስ፣ የሬዲዮው አፕ፣ ባትሪ ብለው ይግቡና ገደቡን ያንሱ።

ከቤት ሲወጡ የሚቋረጠው ደግሞ ስልኩ ከዋይፋይ ወደ ሞባይል ዳታ ሲሻገር አይፒ አድራሻው (በኢንተርኔት ላይ የሚለይበት ቁጥር) ስለሚቀየርና የቀድሞው ግንኙነት ስለሚበጠስ ነው። አፑ ራሱ መልሶ የማይገናኝ ከሆነ ከመውጣትዎ በፊት ዋይፋዩን አጥፍተው በዳታ ይጀምሩ።

በተቀመጡበት ሆነው የሚቆራረጥብዎ ከሆነ ባፈሩን ያሳድጉ። ባፈር ማለት ድምፁ ከመሰማቱ በፊት አስቀድሞ የሚጠራቀመው ዳታ ነው። በኮምፒውተር ላይ የድምፅና የቪዲዮ ማጫወቻ የሆነው ቪኤልሲ (VLC) ከመነሻው የሚያጠራቅመው 1000 ሚሊሰከንድ፣ ማለትም የ1 ሰከንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ ኔትወርኩ ለ2 ሰከንድ ቢጠፋ ጸጥ ይላል። ቱልስ ውስጥ ፕሪፈረንስስን ይክፈቱ፤ ከታች በግራ ኦል የሚለውን መርጠው ኢንፑት/ኮዴክስ ውስጥ ይግቡና ኔትወርክ ካሺንግን 10000 ያድርጉት። ሴቭ ብለው ጣቢያውን እንደገና ያስጀምሩ። ድምፁ እስኪጀምር ትንሽ ያስጠብቃል፤ ከቀጥታ ስርጭቱም በሰከንዶች ወደኋላ ይቀራሉ። ለሙዚቃና ለውይይት ምንም አይደለም፤ ኳስ ለሚከታተል ግን ያናድዳል።

ባፈር ግን የውኃ ጋን ማለት ነው፤ የሚገባው ከሚወጣው ካነሰ ጋኑ የቱንም ያህል ቢተልቅ ይደርቃል። ባለ 128 ኪሎቢት ስርጭት በየሰከንዱ 128 ኪሎቢት፣ ማለትም 16 ኪሎባይት ይፈልጋል (8 ቢት 1 ባይት ነው)። መስመርዎ ይህን ያለማቋረጥ ካላደረሰ የጣቢያውን ባለ 64 ወይም ባለ 48 ኪሎቢት ስርጭት ይምረጡ። ለንግግር ከበቂ በላይ ነው፤ በሰዓት የሚበላውም ዳታ በ128 ከነበረው 58 ሜጋባይት በ64 ወደ 29 ይወርዳል።

ፖድካስት ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነፃ ነው፤ ተቀድቶ ያለቀ ፋይል ስለሆነ ዋይፋይ ባለበት ዳውንሎድ አድርገው ያለኔትወርክ ያዳምጡት። የወረደው ክፍል ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ሲደርስ የሚቆም ከሆነ ፋይሉ ሳይሟላ ቀርቷል፤ አጥፍተው እንደገና ያውርዱት።