ዶሮዎቼ ላባቸው እየተነቀለ ነው፤ ምን ይሻላል?

ሱሉልታም ሆነ ለገጣፎ ግቢው ውስጥ ዶሮ የያዘ ሰው አንድ ቀን ይህን መጠየቁ አይቀርም። ብዙው በቀጥታ መድኃኒት ፍለጋ ይሮጣል። አትቸኩሉ። መጀመሪያ ላባው የጎደለው የት ላይ እንደሆነ እዩ።

ጀርባና ጭራ ሥር ከተራቆተ
አውራ ዶሮ ካለ ጥፍሩ ሊሆን ይችላል። ከሌለ ግን እርስ በርስ እየተነቃቀሉ ነው። ቤት ውስጥ የተዘጋባት በቀቀን ስትሰለች የራሷን ላባ ትነቅላለች፤ ዶሮ ግን የጎረቤቷን ነው። ዶሮ ስትጭርና ስትለቅም መዋል ትፈልጋለች። ወለሉ ባዶ ሲሚንቶ ከሆነ ምንቃሯ ጓደኛዋ ላይ ያርፋል።

ስለዚህ ሥራ ስጧት። ጭድ ወይም ደረቅ ሰጋቱራ አንጥፉ፤ ጥቂት ስንዴ በትኑበት። ጎመን አስራችሁ በራሷ ቁመት ልክ ስቀሉ። አንድ ጥግ ላይ የምትንከባለልበት ደረቅ አፈርና አመድ አድርጉ። በ1 ካሬ ሜትር ከ6 በላይ ካጨቃችሁ ግን ይህ ሁሉ ብዙ አይረዳም።

መኖውንም ጠርጥሩ። በሁዳዴ እንቁላል ገዢ ሲቀንስ መኖውን በበቆሎ ማብዛት ያጓጓል። ላባ ደግሞ ፕሮቲን ነው። እንቁላል ጣይ 16 በመቶ ገደማ ፕሮቲን ያለው መኖ ትፈልጋለች፤ የበቆሎው ከ9 ብዙም አያልፍም። በቆሎ ከጨመራችሁ የኑግ ወይም የአኩሪ አተር ፋጉሎም ጨምሩ።

መቀመጫዋ ከደማ
ይህ ለነገ አይባልም። ቄቦች መጣል ሲጀምሩ ይብሳል። እንቁላሉ ሲወጣ ቀዩ ሥጋ ብቅ ይላል፤ ሌሎቹ ያዩትና ይነክሱታል። የተጎዳችውን ዛሬውኑ ለዩ። መጣያ ሳጥኑን ጨለም አድርጉት፣ ደማቅ አምፖል ቀንሱ። ነካሿን ስትፈልጉ ላባዋ ሙሉ የሆነችውን ጠርጥሩ።

እየታከከች ከሆነ
ማታ በስልክ መብራት የቆጡን ስንጥቅ እዩ። ደም የሚመጡ ጥቃቅን ተባዮች ቀን እዚያ ተደብቀው ማታ ይወጣሉ። ዶሮዋን ብቻ ማከም አይበቃም፤ የእንስሳት ሐኪሙ ያዘዘው መድኃኒት ቆጡንም ይንካ።

ከአንገት ጀምሮ ረግፎ እንቁላል ካቆመች
ዓመት ያለፋት ዶሮ ላባ እየቀየረች ነው። ተዋት።

ምንቃር መቁረጥን የሚመክሩ አሉ። ጉዳቱን ይቀንሳል እንጂ ምክንያቱን አይነካም፤ እኔ አልመክርም። ከሥሩ የተነቀለ ላባ በሳምንታት ውስጥ ይበቅላል። የተሰበረው ግን እስከ ቀጣዩ ቅየራ እንዳለ ይቆያል፤ ስለዚህ ወር ቆይቶ ዶሮዋ አሁንም ብትጎሳቆል አዲስ ቁስል መኖሩን እዩ እንጂ ጎመኑን አታውርዱ።