ኢንጀክሽን ሞተር ሳይክል አልነሳ ሲል

ቁልፉን ክፈትና ጆሮህን ወደ ነዳጅ ታንከሩ አስጠጋ። ስታርተሩን ገና እንዳትነካ። ለሁለት ሦስት ሰከንድ "ዝዝዝ" ይላል። ፓምፑ መስመሩን እየሞላ ነው፤ በብዙ ሞተሮች ግፊቱ 3 ባር አካባቢ ይደርሳል። ድምፁ ከሌለ መጀመሪያ ፊውዝና ባትሪ እይ። ዝም ብለው ኢንጀክተር (ቤንዚኑን ወደ ሞተሩ የሚረጨውን ክፍል) የሚፈቱ ሰዎች ያናድዱኛል።

ኢንጀክተሩ የሚከፈተው ለጥቂት ሚሊሰከንድ ነው። ኮምፒውተሩ የአየር ግፊቱንና የሞተሩን ሙቀት ከሴንሰሮች አንብቦ ልኩን ይወስናል። እንጦጦ ስትወጣ አየሩ ይሳሳል። ካርቡራተር (ያለ ኮምፒውተር አየርና ቤንዚን የሚቀላቅል ዕቃ) ያለው ሞተር ቤንዚን በዝቶበት ይታፈናል፤ ኢንጀክሽኑ ግን ራሱ ይቀንሳል። ይሄን ነገሩን በጣም እወድለታለሁ!

ዳሽቦርዱ ላይ ያለው የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ቁጠር። በብዙ ሆንዳዎች ረጅሙ ብልጭታ 10፣ አጭሩ 1 ነው። 7 ከመጣ ቁልፉን ዘግተህ የሙቀት ሴንሰሩን ሶኬት ንቀልና አጽዳ። ታንከሩንም አታድርቅ፤ ፓምፑን የሚያቀዘቅዘው ራሱ ቤንዚኑ ነው።